ሂት ሲንኩን ከማሸትህ በፊት ምላጭ አቁምበት

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። ሥራዬ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት ማድረግ ነው። ኮምፒውተሬ የተገጣጠመ ዴስክቶፕ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ኮር አይ 5 4570፣ ራሙ 16 ጊጋ። ሬንደር ሳደርግ፣ ማለትም ኤዲት ያደረግሁትን ወደ አንድ ቪዲዮ ሳወጣ፣ ሙቀቱ 97፣ 98 ዲግሪ ይደርሳል። ፋኑ ይጮሃል፣ ፍጥነቱም ይወርዳል። የጥር ሰርግ ሳይመጣ መላ ልፈልግ ብዬ ስጠያይቅ አንድ ጓደኛዬ «ፕሮሰሰሩ ላይ ተቀምጦ ሙቀቱን የሚወስደውን ብረት፣ ሂት ሲንኩን፣ ፕሮሰሰሩን በሚነካው ሆዱ በኩል በብርጭቆ ወረቀት አሽተህ መስታወት አስመስለው፣ 15 ዲግሪ ይቀንስልሃል» አለኝ። ፈትቼ ሳየው መሃሉ መዳብ፣ ዙሪያው አሉሚኒየም ነው። በጥፍሬ ስነካው ክብ ክብ መስመር አለው። ማሸት አለብኝ ወይስ ይቅርብኝ? ካለብኝስ በስንት ቁጥር ወረቀት? ከታሸ በኋላ በሁለቱ መሃል የሚገባውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት፣ ተርማል ፔስት፣ መቀባት ይቀራል?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ! ማሽንህ የሚድን ነው። መድኃኒቱ ግን የብርጭቆ ወረቀት አይመስለኝም።

ጓደኛህ ከመሬት ተነስቶ አይደለም የተናገረው። ሂት ሲንክ ማሸት የቆየ ነገር ነው፤ በሥርዓት ከተሠራም ይጠቅማል። 15 ዲግሪ የሚያወርደው ግን ከመነሻው ክፉኛ የጎበጠ ወይም የጎደጎደ ሲያጋጥም ነው። ጤነኛ ሂት ሲንክ ላይ የምታገኘው አንድ፣ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት አራት ዲግሪ ነው። አንዳንዴም ምንም አታገኝም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ነውና መጀመሪያ ያንተ የትኛው እንደሆነ እንወቅ።

ሙቀቱ ስንት ደረሰ የሚለውን ትተህ እንዴት ወጣ የሚለውን ተመልከት። የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚያሳይ ፕሮግራም፣ ኮር ቴምፕ ወይም ኤችደብሊው ኢንፎ፣ ክፈት። ሬንደሩን ጀምርና ዓይንህን ቁጥሩ ላይ ትከል። 45 የነበረው አምስት ሰከንድ ሳይሞላ 90 ከገባ ሙቀቱ ከፕሮሰሰሩ ወደ ሂት ሲንኩ አልተሻገረም ማለት ነው። ችግሩ መገናኛው ላይ ነው። ወይ ፔስቱ ደርቋል፣ ወይ ሂት ሲንኩ በደንብ አልተቀመጠም፣ ወይ ደግሞ ሆዱ ልክ አይደለም። ማረጋገጫ ከፈለግህ ከፋኑ ተጠንቅቀህ የሂት ሲንኩን ጠርዝ በጣትህ ንካው። ፕሮሰሰሩ 95 ላይ ሆኖ ብረቱ ለብ ብቻ ካለ ሌላ ምስክር አያስፈልግህም።

ቁጥሩ ቀስ እያለ፣ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ወስዶ የሚወጣ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሙቀቱ ሂት ሲንኩ ጋ በደንብ ደርሷል፤ የሚወስደው አየር ነው ያጣው። አቧራ፣ የደከመ ፋን ወይም የታፈነ ኬዝ አለ። ያኔ ሆዱን ቀን ከሌት ብታሸው ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው።

ያንተ ሂት ሲንክ ስትገልጸው ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የሚመጣው፣ አራት የፕላስቲክ እግር ያለው ይመስለኛል። እዚህ ደሴ ሱቄ ድረስ «ይግላል» ተብለው ከሚመጡልኝ ዴስክቶፖች ብዙዎቹ ላይ የማገኘው በሽታ አንድ ነው፤ ከአራቱ እግር አንዱ አልገባም። ከላይ ሲያዩት የገባ ይመስላል። ማዘርቦርዱን አውጥተህ ከጀርባው ስታየው ነው የሚታወቀው። በአራቱም ቀዳዳ የተሰነጠቀው የፕላስቲክ እግር ሙሉ በሙሉ ወጥቶ፣ መሃሉ ላይ ጥቁሩ ዘንግ አልፎ ከፈት ሊያደርገው ይገባል። አንዱ እንኳ በግማሽ ከቀረ ሂት ሲንኩ በዚያ ጥግ ይነሳል። የቱንም ያህል የተወለወለ ሆድ ቢኖረው የማይነካውን ነገር አያቀዘቅዝም።

ስትፈታው የእግሩን ራስ ወደ ቀስቱ አቅጣጫ ሩብ ዙር አዙረህ ወደ ላይ ሳበው። ስትገጥመው መጀመሪያ ራሱን ወደ ቦታው መልሰው፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው። ከዚያ በሰያፍ፣ አንዱን ጥግ ከትይዩው ጋር አድርገህ «ጠቅ» እስኪል ተጫን። ፕላስቲኩ ያረጀና የተሰባበረ ከሆነ አታባብለው። እግሩ ለብቻው ይሸጣል፤ ካላገኘህም ሙሉውን ሂት ሲንክ ቀይረው።

አቧራውን ደግሞ አትርሳ። በጋ ላይ የሚነሳው የኮምቦልቻ አቧራ ብቻውን ቢሆን በብሩሽ ይራገፍ ነበር። ቡና በሚፈላበት፣ ዕጣን በሚጨስበት፣ ከሰል በሚቀጣጠልበት ቤት ያለ ኮምፒውተር ግን የጢሱ ቅባት አቧራውን ያጣብቀዋል። ፋኑን ስታነሳ ከሥሩ ክንፎቹን የደፈነ ጥቅጥቅ ያለ ግራጫ ንጣፍ ታገኛለህ። ከላይ ከፋኑ በኩል ብቻ ብታየው ንጹሕ ነው ብለህ ትዘጋዋለህ፤ ስለዚህ ፋኑን ፍታው። ብዙ ሰው ኬዙን ተሸክሞ ጎሚስታ ቤት ሄዶ በኮምፕሬሰር ያስነፋል። የኮምፕሬሰሩ ቱቦ ውሃ ያጠራቅማል፣ ግፊቱም ለጎማ የተሠራ ነው። መሄድህ ካልቀረ ማዘርቦርዱን ቤት ትተህ ሂት ሲንኩንና ፋኑን ብቻ ውሰድ። ፋኑ ሲነፋ እንዳይሽከረከር ክንፉን በእስክሪብቶ ያዘው፤ ከልኩ በላይ ሲሽከረከር ኩሽኔታው ይጎዳል።

እሺ፣ እግሮቹን አስተካከልህ፣ አቧራውን አራገፍህ፣ አዲስ ፔስት ቀባህ እንበል። አሁንም በአምስት ሰከንድ 90 ይገባል። እዚህ ላይ ነው ስለ ሆዱ ማውራት የሚገባን።

ሁለት ብረቶች ገጥመዋል ስንል በእውነት የሚነካኩት ጥቂት ነጥቦች ላይ ነው። የቀረው ቦታ በአየር የተሞላ ነው። ሙቀት የማስተላለፍ አቅማቸውን እንይ፤ የሚለካው በዋት በሜትር በዲግሪ ነው። መዳብ 400 ገደማ ነው። ለሂት ሲንክ የሚውለው አሉሚኒየም 200 አካባቢ። ደህና የሚባል ተርማል ፔስት ከ4 እስከ 8። አየር ግን 0.026 ብቻ! ፔስት ከመዳብ ጋር ሲወዳደር እሱ ራሱ ደካማ አስተላላፊ መሆኑን ልብ በል። የተቀጠረው አየሩን ለማስወጣት ነው። ስለዚህ የመጨረሻ ጥያቄህ መልስ አግኝቷል። የቱንም ያህል ብታሸው ፔስት መቀባት አይቀርም። የሚቀንሰው ውፍረቱ ነው።

ውፍረቱ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ አብረን እናስላ። አምራቹ ኢንቴል ለፕሮሰሰርህ ያስቀመጠለት የሙቀት ልክ 84 ዋት ነው። ፔስት የሚቀባበትን የፕሮሰሰሩን የብረት ክዳን 3 ሳንቲ በ3 ሳንቲ እንበለው፣ ፔስቱን ደግሞ 4 የሚያስተላልፍ መካከለኛ ፔስት። የፔስቱ ውፍረት 0.1 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ማለትም አንድ ኤፎር ወረቀት የሚያህል፣ በእሱ ውስጥ ለማለፍ ብቻ ሙቀቱ ከሁለት ዲግሪ ትንሽ በላይ ይከፍላል። ሆዱን አስተካክለህ ውፍረቱን ወደ 0.03 ብታወርደው አንድ ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ትርፍህ አንድ ተኩል ዲግሪ ነው። ከክዳኑ ሥር ያለው፣ ሙቀቱ የሚወጣበት ሲሊከን ከክዳኑ ስለሚያንስና ሙቀቱ መሃል ላይ ስለሚበረታ በተግባር ትንሽ ከዚህ ከፍ ይላል። ያው የወረቀት ውፍረት ያለው ክፍተት በአየር ቢሞላ ግን ስሌቱ ከ300 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ፕሮሰሰሩ እዚያ ሳይደርስ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ይጠፋል። ትልቁን ገንዘብ የሚበላው አየር ነው፤ ጭረት ምን አላት?

አሁን ጓደኛህ ስላለው ማብራት። 1000 ቁጥር ወረቀት ላይ ያለው የፍሬ መጠን 0.02 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ የሚተወው ጭረት ደግሞ ከፍሬው በብዙ ያነሰ ነው። ያን ጭረት ፔስት ይሞላዋል፤ የሚያስከፍልህ ከዲግሪ ሽራፊ ነው። ከ1000 ወደ 2000፣ ከ2000 ወደ መስታወት መውጣት ለዓይን ደስ ይላል እንጂ በኮር ቴምፕ ላይ አይነበብም። በጥፍርህ የነካሃቸው ክብ መስመሮችም ፋብሪካው ሲያዞረው የተዋቸው ናቸው፤ ፔስት ስለሚሞላቸው ያን ያህል አያሳስቡም። የሚያሳስበው ሆዱ ጠፍጣፋ መሆን አለመሆኑ ነው። የሚያበራ ሁሉ ጠፍጣፋ አይደለም፤ ማንኪያም ያበራል።

ታዲያ እንዴት ይታወቃል? ሆዱን በጥጥና በአልኮል ጥርግ አድርገህ አጽዳው። አዲስ የካተር ምላጭ ውሰድ፤ የፊት መላጫው ስስ ስለሆነ ይታጠፋል። ስለቱን ሆዱ ላይ አቁምና ወደ መስኮት ብርሃን አዙረህ ከምላጩ ሥር እይ። በቁመት፣ በወርድ፣ በሁለቱም ሰያፍ። ፀጉር የመሰለች የብርሃን ክር ብታይ አትደንግጥ፤ ብርሃን በጣም ጠባብ ክፍተትም ያልፋል። ብርሃኑ መሃል ላይ ደመቅ ብሎ ከገባ ሆዱ ጎድጓዳ ነው። ምላጩ መሃል ላይ አርፎ ሲነካ ወዲህ ወዲያ ካለ ጎባጣ ነው። ሁለተኛው ምስክር ፔስቱ ነው። ሂት ሲንኩን ስታነሳ መሃሉ ላይ ስስ ሆኖ ብረቱ የሚታይ ከሆነ ጥሩ ገጥሟል። መሃሉ ላይ ወፍራም ክምር ቀርቶ ጠርዙ ከጸዳ ጎድጓዳ ነው፤ ለማሸት የሚገባው ይኸኛው ነው።

ጎባጣ ሁሉ ደግሞ ጥፋት አይደለም። ኖክቱዋን የመሰሉ አምራቾች መሃሉን ሆን ብለው በትንሹ ከፍ ያደርጉታል፤ ግፊቱ ሲሊከኑ ካለበት መሃል ላይ እንዲያርፍ ነው። እሱን አሽቶ ጠፍጣፋ ማድረግ የተከፈለበትን ሥራ ማፍረስ ነው። አንዳንዴም ችግሩ የፕሮሰሰሩ ክዳን ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የኢንቴል ኮር 2 ኳድ ኪው 6600 ክዳኑ ጎድጓዳ ነው እየተባለ ብዙ ታሽቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው 12ኛው ትውልድ ደግሞ የሶኬቱ መቆለፊያ ክዳኑን መሃል ላይ ስለሚያጎደጉደው ኮንታክት ፍሬም የሚባል መተኪያ ተሠራለት። ያንተ 4ኛ ትውልድ ስለሆነ ይህ አይመለከትህም። የፕሮሰሰሩን ክዳን እንድታሸው ግን አልመክርህም። የተጻፈበት ቁጥር ይጠፋል፤ ነገ ልሽጠው ብትል ምን እንደሆነ ማሳየት አትችልም።

ምላጩ ጎድጓዳ ነው ካለህ እንዲህ አድርግ። መስታወት ቤት ሄደህ 6 ወይም 8 ሚሊ ትርፍራፊ መስታወት ጠይቅ። ከመኪና ቀለም ሻጭ ውሃ የሚችለውን ጥቁሩን የብርጭቆ ወረቀት ግዛ፤ 400፣ 600፣ 800 እና 1000። ወረቀቱን መስታወቱ ላይ በፕላስተር ወጥረህ ለጥፍ። ውሃና ጠብታ የዕቃ ሳሙና ጨምርበት። ፋኑን ፍታ። እግሮቹም ከሆዱ በታች ስለሚወርዱ ከነመያዣቸው ካልወጡ ወረቀቱ ላይ አያርፍልህም። ሆዱ ላይ በማይለቅ ማርከር ጥልፍልፍ መስመር አስምር። ከዚያ ሂት ሲንኩን ከታች፣ ከሆዱ አጠገብ ያዘውና ሳትጫን በራሱ ክብደት ቀጥ አድርገህ ሳበው፣ ግፋው። በየጊዜው ሩብ ዙር አዙረው። ከላይ ከያዝከው ይወዛወዛል፤ ጠርዙ ይበላና ጎድጓዳውን ጎባጣ ታደርገዋለህ። ያ ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

ማርከሩን እየው። ጎድጓዳ ሆድ ላይ መጀመሪያ የሚጠፋው የዳር ዳሩ ቀለም ነው። መሃሉ ላይ ክብ ሰማያዊ ደሴት ይቀራል። ውሃው መጀመሪያ የአሉሚኒየሙን ግራጫ ይይዛል፤ ወረቀቱ መዳቡን በደንብ ሲነካ ወደ ቀይ ይለወጣል። ደሴቷ እየጠበበች ሄዳ ስትጠፋ ሆዱ ጠፍጣፋ ሆኗል። ይህንን ሁሉ በ400 ጨርሰው። የሚቀሩት ቁጥሮች የ400ን ጭረት ለማሳሳት ብቻ ስለሆኑ ብዙ አይፈጁም። በየቁጥሩ መሃል በደንብ እጠበው፤ አንዲት የ400 ፍሬ 1000 ላይ ከገባች ሥራህን ታበላሻለች። 1000 ላይ አቁም።

ብረታ ብረት ቤት ወስደህ ግራይንደር እንዳታስጠጋበት። ወረቀቱን በጣትህ ጠቅልለህም አትሸው፤ ጣት ለስላሳውን ቦታ እየቆፈረ ይሄዳል። ኬዙ በተከፈተበት ክፍል ውስጥም አታሽ። የመዳብና የአሉሚኒየም ብናኝ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ራም ሶኬት ውስጥ ከገባ ጣጣው ብዙ ነው። ስትጨርስ ክንፎቹን በሳሙናና በጥርስ ብሩሽ እጠብ፣ በደንብ አድርቅ፣ ሆዱን በአልኮል ጥረግ።

ጨርሶ የማይታሹ አሉ። ሆዱ ነጭ ብርማ ሆኖ ከሥሩ መዳብ ያለው በኒኬል የተለበጠ ነው፤ ካሸኸው መዳቡ ይገለጥና እየጠቆረ ይሄዳል። የሙቀት ቱቦዎቹ ራሳቸው ፕሮሰሰሩን የሚነኩበት ዓይነት ደግሞ አለ። የቱቦው ግድግዳ ስስ ነው፤ ውስጡ አየር ተስቦለት ጥቂት ፈሳሽ ብቻ የያዘ ነው። ከተበሳ ያ ቱቦ ሞተ፤ በብየዳም አይመለስም።

አንድ ነገር ሳልነግርህ ማለፍ አልፈልግም። ያንተ ፕሮሰሰር እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ትውልድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2012ቱ 3ኛ ትውልድ ጀምሮ ኢንቴል በመደበኛ ዴስክቶፖቹ ላይ በሲሊከኑና በክዳኑ መሃል ብየዳውን ትቶ ፔስት ያደርግ ነበር። ከክዳኑ ሥር ያለውን ያን ፔስት ምንም ዓይነት ማሸት አይደርስበትም። ክዳኑን ልክፈት እንዳትል ብቻ፤ እንጀራህ ነው።

እኔ ብሆን በመጀመሪያ እግሮቹን፣ አቧራውንና ፔስቱን አስተካክዬ እለካለሁ። ፔስቱን መሃል ላይ ምስር የምታህል ብቻ አድርግ፤ ግፊቱ ራሱ ይዘረጋዋል። ስትለካ ደግሞ በተመሳሳይ ሰዓት ይሁን። ማለዳ ለክተህ አሻሽለህ፣ ቀትር ላይ ደግመህ ብትለካ የኮምቦልቻ ፀሐይ ትርፍህን ትበላዋለች። ከ85 በታች ከወረደ ሰርግህን በሰላም ሥራ። ካልወረደ ለማሸት የምታጠፋውን ቀን ትተህ የሙቀት ቱቦና 12 ሳንቲ ፋን ያለው ቁመተ ረጅም ሂት ሲንክ ግዛ። ያች ትንሽ ሂት ሲንክ ለሰዓታት ሬንደር አቅም የላትም። ከመግዛትህ በፊት የኬዝህን ወርድ ለካ፤ የኬዙ ክዳን አልዘጋ ያላቸው ብዙ ናቸው።

ጥያቄ፦ ከወልድያ ነው የምጽፈው፤ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነኝ። የላፕቶፔ ሥር ጭኔን እስኪያቃጥል ይግላል። ልጄ «ውስጡ ያለውን መዳብ በብርጭቆ ወረቀት ላሸው» ይለኛል። ልፍቀድለት?

መልስ፦ እትዬ፣ አይፍቀዱለት። ላፕቶፕ ላይ ክዳን የለም፤ መዳቡ የሚያርፈው በቀጥታ በሲሊከኑ ላይ ነው። መዳቡ ራሱ ስስ ሰሌዳ ነው፤ የሙቀት ቱቦው ተበይዶበታል። በእጅ ሲታሽ ይጣመማል። ከፍታውም ይቀንስና በአጠገቡ ያሉት ለስላሳ የሙቀት ፓዶች ቀድመው ይነኩና ሲሊከኑ ላይ ያለው ግፊት ይላላል። የልጅዎን እጅ ግን አይመልሱት፤ የሚጠቅም ሥራ ይስጡት። ባትሪውን ነቅሎ ፋኑን ይፍታ፣ በፋኑና በክንፎቹ መሃል የተጠራቀመውን ብናኝ ያውጣ፣ የደረቀውን ፔስት በአልኮል ጠርጎ አዲስ ይቀባ። ብሎኖቹ አጠገብ ብዙ ጊዜ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ተብሎ ይጻፋል፤ ሲያስር በዚያ ቅደም ተከተል ጥቂት ጥቂት እያደረገ ይሁን። ካቻቢቴው የብሎኑ ልክ መሆን አለበት፤ ራሱ ከተበላ መፍታት መከራ ነው። እርስዎ ደግሞ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ላይ አያስቀምጡት፤ አየር የሚስበው ከሥሩ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ እዚሁ ደሴ ነኝ። ጥያቄውን ሳልልክልዎ ሂት ሲንኩን በብራሶ ወልውዬዋለሁ፣ በጣም አምሯል። ፔስት ስለጨረስኩ ለጊዜው የጥርስ ሳሙና ብቀባበትስ?

መልስ፦ የብራሶው ችግር የሚተወው ስስ ቅባት ነው። በዕቃ ሳሙና እጠበው፣ ከዚያ በአልኮል ደጋግመህ ጥረገው፤ ጥጡ ነጭ ሆኖ ሲወጣ ይበቃል። የጥርስ ሳሙናው ግን ይቅር። ውስጡ ውሃ ስላለ ሲቀባ ያቀዘቅዛል፣ ሰዎችም በዚያ ይታለላሉ። ፕሮሰሰሩ ሲግል ውሃው ይተንና ደርቆ ይሰነጣጠቃል፤ በመሃሉ አየር ይገባል። ፔስቱን እስክታገኝ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይቆይ።

ጥያቄ፦ ባቲ ነው የምኖረው። ደሴ የገዛሁት ኮምፒውተር እዚያ ሲሞከር 70 ዲግሪ ላይ ነበር። ባቲ ሳመጣው ያው ጨዋታ 80ን ያልፋል። አንዱ «ደሴ ከፍታ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ እዚያ ነው የሚብሰው» ይለኛል። ማንን ልመን?

መልስ፦ ቴርሞ ሜትርህን እመን። ያ ሰው ያለው ግማሹ ልክ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለል አየር ከ20 በመቶ በላይ ይሳሳል። ፋኑ ያንኑ ያህል መጠን ይገፋል፤ ግን የሚገፋው አየር ክብደቱ ያነሰ ስለሆነ የሚሸከመው ሙቀትም ያንሳል። ባቲ ከደሴ በ1,000 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለምትል በዚህ ረገድ ተጠቃሚ ናት፤ ጥቅሙ ግን ጥቂት ዲግሪ ነው።

የክፍሉ ሙቀት ግን ዲግሪ በዲግሪ ይጨመራል። ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር፣ 20 ዲግሪ ክፍል ውስጥ 70 ላይ የነበረ ፕሮሰሰር፣ ባቲ ክፍሉ 32 ሲሆን፣ ሌላው ሁሉ እንዳለ ቢቆይ 82 ይሆናል። ከዚያ ላይ አየሩ ወፈር በማለቱ ትንሽ ይቀነስልሃል። ያየኸው ቁጥር ይኸው ነው፤ ማሽንህ አልታመመም። ስትለካ ሁልጊዜ የክፍሉን ሙቀት ቀንስና ልዩነቱን ጻፍ። ደሴ ላይ 50 ከነበረ ባቲ ላይም 48፣ 50 ከሆነ ሂት ሲንክህ ሥራውን እየሠራ ነው። ልዩነቱ 60 ከደረሰ ግን በመንገዱ መንገጫገጭ አንዱ እግር ተነስቶ ሊሆን ይችላልና ከላይ ለኮምቦልቻው ወንድምህ እንዳልኩት ከማዘርቦርዱ ጀርባ እየው። ኬዙን ከግድግዳ አንድ ስንዝር አርቀው፤ ጀርባው ላይ የአየር ማውጫ ፋን ከሌለውም አንድ ጨምርለት።